ሱዙኪ ጂምኒን በፍጥነት መንገድ ላይ እንዴት መንዳት ይቻላል?

ጂምኒ በድንጋይና በጭቃ ላይ የሚያስመሰግናት ነገር ሁሉ አስፋልት ላይ ዋጋ ያስከፍላታል። በ2018 የወጣችው አራተኛዋ ትውልድ ባለ 1.5 ሊትር፣ 102 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ክብደቷ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀትም 2.25 ሜትር ብቻ። ፊቷ እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ስለሆነ ነፋሱን ሰንጥቃ ሳይሆን እየገፋች ነው የምትሄደው። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክስል) ስላላት አንዱ ጎማ የገባበት ጉድጓድ ለሌላኛው ጎማም ይሰማዋል። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለዚህችው ባለ 1.5 ሊትር፣ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል መኪና ናቸው።

1. ጎማውን ሳይነዱ በፊት ይፈትሹ

ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው መጠን ይሙሉ። ለአሸዋ ወይም ለጭቃ ብለው አስተንፍሰው ከነበረ፣ ወደ ፍጥነት መንገድ ከመግባትዎ በፊት መልሰው መሙላት ግዴታ ነው። የላላ ጎማ በፍጥነት ሲዞር ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ከመጠን በላይ መሙላትም አይጠቅምም፤ መኪናዋ ቀላል ስለሆነች በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ትነጥራለች።

ከጭቃ ከወጡ በኋላ የቸርኬውን የውስጥ ጎን በውሃ ይጠቡ። እዚያ የደረቀ አንድ እፍኝ ጭቃ ባላንሱን አጥፍቶ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ወደ ጋራዥ ይሮጣል።

2. በሁለት ጎማ ይንዱ

በደረቅ አስፋልት ላይ ማርሹ ቱ ኤች (2H፣ የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚነዱበት) ላይ ይሁን። ጂምኒ የፊትና የኋላ አክስሎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው መካከለኛ ዲፈረንሻል የላትም፤ ፎር ኤች (4H፣ አራቱም ጎማዎች የሚነዱበት) ላይ ስትሆን የፊትና የኋላ አክስሎች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ስለሚሄዱ ጎማው ይፋቃል፣ የማርሽ ጥርሶቹም ይጨናነቃሉ። መንገዱ በበረዶ ወይም በልቅ ጠጠር ከተሸፈነ ወደ ፎር ኤች ይቀይሩ፤ መሪው ቀጥ ብሎ ፍጥነቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ እየሄዱም መቀየር ይቻላል። ፎር ኤል (4L፣ ለከባድ መንገድ የሆነው ዝግተኛ የአራት ጎማ ማርሽ) እዚህ ቦታ የለውም።

3. ሲገቡ ማርሽ ለመቀየር አይቸኩሉ

የሞተሩ ከፍተኛ የመጎተት አቅም (ቶርክ) የሚገኘው በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ነው። በመግቢያው መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሳቧት፤ ዙሩ 4,300 አካባቢ ይደርሳል፣ ይህም ለሞተሩ ጤናማ ነው። ከዚያ 4ኛ፣ ወደ ረድፉ ገብተው ሲረጋጉ ደግሞ 5ኛ። ቶሎ 5ኛ ያስገባ ሰው በ70 እየተጎተተ ከከባድ መኪና ፊት ይገባል፤ አደጋው ያ ነው።

4. ፍጥነትዎን ከ95 እስከ 105 ያድርጉ

በ5ኛ ማርሽ 100 ላይ ሞተሩ 3,200፣ 120 ላይ ደግሞ 3,800 ዙር አካባቢ ይዞራል። ድምፁ ከፍ ያለ ቢመስልም ብልሽት አይደለም፤ 5ኛው ማርሽ ዙሩን ለመቀነስ የተሠራ አይደለም። የነፋሱ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ100 ወደ 120 ሲወጡ ነፋሱን ለማሸነፍ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚተርፈው ሰዓት ትንሽ፣ የሚቃጠለው ነዳጅና የሚሰማው ጩኸት ግን ብዙ ነው። በዝግተኛው ረድፍ ይያዙ። ዳገት ሲጀምር ፍጥነቱ እስኪወድቅ ሳይጠብቁ ወደ 4ኛ ይመለሱ።

5. ነፋስንና ከባድ መኪናን ቀድመው ያስቡ

ከፍ ያለ ጎን፣ አጭር ርዝመት፣ ቀላል ክብደት፦ የጎን ነፋስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ድልድይ ላይ ሲወጡ፣ ከተቆረጠ ተራራ መሃል ሲወጡ ወይም የዛፍ ረድፍ ሲያልቅ ነፋሱ በድንገት ይመታል፤ ከዚያ በፊት በ10 ኪሎ ሜትር ይቀንሱ። ከባድ መኪና ሲቀድሙ ደግሞ መጀመሪያ እሱ የሚፈጥረው የነፋስ ከለላ ወደ እሱ ይስብዎታል፣ አፍንጫውን ሲያልፉ ነፋሱ ወደ ውጭ ይገፋዎታል። መሪውን በሁለት እጅ፣ ግን አጥብቀው ሳይጨብጡ ይያዙ። የጂምኒ መሪ መሃሉ ላይ ትንሽ ልልነት ስላለው በየሰከንዱ ለማረም መሞከር መኪናዋን ግራና ቀኝ ያወዛውዛታል። ዓይንዎን ሩቅ ያድርጉ፤ እጅ ያንን ይከተላል።

6. መቅደም

ከ100 ላይ 4ኛ ሲያስገቡ ዙሩ 3,800 ይሆናል፤ ሞተሩ የሚጎትትበት ቦታ ላይ ነው። ከ90 በታች ከሆኑ 3ኛ ያስፈልጋል። ከሚቀድሙት መኪና ኋላ በቂ ርቀት ይያዙ፣ ስፖኪዮ ይዩ፣ ፍሬቻ ያሳዩ፣ ፍጥነቱን ገና በራስዎ ረድፍ ሳሉ ይጀምሩ። ዳገት ላይ መቅደም ካልቻሉ ይተዉት።

7. ርቀት

በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ1 ሰከንድ 28 ሜትር ይሄዳሉ። ስለዚህ 3 ሰከንድ፣ ማለትም 83 ሜትር ገደማ ይተዉ፤ በዝናብ እጥፉን። ትላልቅ ጥርስ ያላቸው የጭቃ ጎማዎች እርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም የበለጠ ርቀት ይፈልጋሉ።

ስለ ጭነትና ነዳጅ፦ ከባድ ዕቃ ወለል ላይ፣ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ተጠግቶ ይታሰር። ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ ነፋስም ይይዛል፣ መኪናዋንም ያጋድላል። ታንኩ 40 ሊትር ብቻ ስለሆነ በየ350 ኪሎ ሜትሩ ነዳጅ መቅዳትን ያቅዱ።

መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር

የድፍን አክስል መኪናዎች የታወቀ በሽታ ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ አንድ ጉድጓድ ከመታ በኋላ መሪው በኃይል ግራ ቀኝ ይመታል። ፍሬን በድንገት አይርገጡ። መሪውን ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይቆማል።

ምክንያቱን ከርካሹ ወደ ውዱ ይፈልጉ። የፊት ጎማዎቹን ከኋላዎቹ ጋር ይቀያይሩ፤ መንቀጥቀጡ ከተለወጠ ጥፋቱ የጎማው ወይም የባላንሱ ነው። ካልተለወጠ፣ መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ እርስዎ ደግሞ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በጎን የሚያያዘውን ፓናርድ ሮድ ጫፎች ይመልከቱ። ጎሚኒው (በጫፉ ያለው ላስቲክ) ውስጥ ብረቱ ከተንቀሳቀሰ ጎሚኒው አልቋል። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ቲራንቲዎችም አብረው ይዩ።

ቀጥሎ የፊት ጎማውን በክሪክ አንስተው ላይና ታቹን ይያዙና ያወዛውዙ። ልልነት ካለ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፦ ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ የኪንግፒን (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ምሰሶ) ኩሽኔታ ነው።

የመሪውን ንቅናቄ የሚያስታግሰውን አሞርዛተር መቀየር ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለቀውን ክፍል ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። መጨረሻ ላይ ይቀየር።

መኪናዋ ከፍ ተደርጋ ከሆነ ደግሞ ካስተር የሚባለው የፊት አክስል ማዕዘን ይቀንሳል፣ መሪውም ራሱን ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል። ማዕዘኑን የሚያስተካክሉ ጎሚኒዎች አሉ። ጎማውን ወደ 235/75 አር 15 ላሳደጉ ደግሞ ከፋብሪካው 195/80 አር 15 ጋር ሲነጻጸር ቁመቱ በ6 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የፍጥነት መለኪያው ለፋብሪካው ጎማ 100 በሚያሳይበት ጊዜ መኪናዋ በ106 ትሄዳለች። ማንኛውም ሥራ ከታች ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ ባዶ መንገድ ላይ እስከ 90 ይሞክሯት።