ያገለገለ ሞተር ጀልባ ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎርጎራ ላይ ሪዞርቱ ከተሠራ ወዲህ ከጎንደር ወርዶ የሚሸጥ ጀልባ የሚያጠያይቅ ሰው በዝቷል። አንዱ ቤተሰቡን ማዝናናት ይፈልጋል። ሌላው ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሞ፣ ከዚያ በውሃ ወደ መንደባ ገዳም መሻገር ያምረዋል። ዓሣ ማጥመድ የሚወድም አለ። ደስ ይለኛል። ጣና በአዘዞ፣ በቆላድባና በጭዋሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጃችን ያለ ሐይቅ ነውና ልንደሰትበት ይገባል።

ችግሩ ገዢው ጀልባውን የሚያየው በመኪና ዓይን መሆኑ ነው። ቀለሙን ያያል፣ ወንበሩን ይዳስሳል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ከደላላው ጋር ተከራክሮ ቀብድ ይሰጣል። መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ገፍታችሁ ዳር ታስይዙታላችሁ። ከደቅ ደሴት ወዲህ ማዶ ውሃ ላይ የቆመ ሞተር ግን ዳር የለውም። እኔ ሞተር እሠራለሁ። ሰው ሊገዛ ሲል አብሬ ሄጄ አያለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሞተሩን ግቢ ውስጥ በደረቁ ማስነሳት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጀልባው ሻጩ ግቢ ውስጥ ተጎታች ላይ ቆሟል። ገዢው አንድ የመኪና መካኒክ ይዞ መጥቷል። «እስቲ አስነሳው» ይላል። ሻጩ ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ይጮኻል። «ድምፁ ንጹህ ነው ጋሼ፣ ይግዙት» ይላል መካኒኩ። ብር ይቆጠራል።

ያ ከጀልባው ኋላ የሚታሰር ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ስቦ በሚያስገባው ውሃ ነው። ውሃውን የሚስበው ደግሞ ታች ውሃ ውስጥ በሚገባው እግሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ክንፋም ጎማ ናት፤ ኢምፔለር ትባላለች። ይህች ጎማ የምትለሰልሰው በምትስበው ውሃ ነው። ውሃ ከሌለ ክንፎቿ ከብረቱ ጋር እየተፋጩ ይዞራሉ። በሰከንዶች ውስጥ መቃጠል ትጀምራለች። ክንፎቿ ሲቆረጡ ቁርጥራጩ ውሃው የሚያልፍበትን መስመር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ኢምፔለር ብትገጥሙለት እንኳ መስመሩ እስኪጸዳ ድረስ ሞተሩ መጋሉን አይተውም። ሲብስ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ላረጋግጥ ብላችሁ ያስነሳችሁት ሞተር ፊታችሁ ተበላሸ ማለት ነው። ከእናንተ በፊት ሊያዩት ለመጡ ሰዎችም እንዲሁ ተነስቶ ሊሆን ይችላል።

የተነሳው ሞተር ደግሞ ምንም አልነገራችሁም። በባዶ ሲዞር ሁሉም ሞተር ያምራል። ማርሽ ሲገባ ይንጓጓ አይንጓጓ፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ይታፈን አይታፈን፣ ከጋለ በኋላ ጠፍቶ ይነሳ አይነሳ አላወቃችሁም። ሳታውቁ ከፈላችሁ።

ግቢ ውስጥ ማስነሳት ግድ ከሆነ ሰፊ በርሜል ውሃ ሙሉና የሞተሩን እግር ውስጡ አስገቡት። ውሃው እግሩ ጎን ላይ ካሉት መግቢያ ቀዳዳዎች በደንብ ከፍ ማለት አለበት። ይሄ ግን ለመነሻ ያህል ነው። እውነተኛው ፈተና ሐይቁ ላይ ነው። ሻጩ «የሚጎትት መኪና የለም፣ ቤንዚን ጠፍቷል» ካለ ወጪውን እናንተ ቻሉ። ያኔም እምቢ ካለ ጀልባው አይሸጥላችሁም ብላችሁ ቁረጡ። እዚህ ላይ ማንንም አላግባባም፤ ሰውየውን ይዤ ወደ ጎንደር እመለሳለሁ።

ሐይቁ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ በብርድ መነሳት የሚያስቸግር ሞተር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከተነሳ በኋላ ከኋላ በኩል በቀጭኑ የሚፈስ ውሃ ይኖራል። ጠንካራና የማይቆራረጥ ይሁን። ከዚያ ከባሕሩ ዳር ራቁና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት። ሙሉ ነዳጅ ስጡት። ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡት። አጥፉትና በትኩሱ አስነሱት። ነጂው እጁ ላይ የሚያስራትን ቀይ ገመድ ንቀሉ፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባው ጥሎት ይሄዳል፣ ወይም ዞሮ በፕሮፔለሩ ይመታዋል። በመጨረሻ የጀልባውን ወለል ከፍታችሁ የገባ ውሃ ካለ እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻጮች ሁልጊዜ ጠዋት ይቀጥሯችኋል። ጠዋት ጣና ይተኛል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ውሃ ነው። በጠዋት ጀምሩ፣ ነገር ግን ነፋሱ እስኪነሳ ቆዩና ልትጭኑ ያሰባችሁትን ያህል ሰው ጭናችሁ እንደገና ውጡ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ይፍጅ።

የጣናን ከፍታ መርሳት

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እዚህ ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት ሞተር ጣና ላይ የ33 ያህል ሥራ ነው የሚሠራው። ስምንት ሰው ልጭንበት ብላችሁ ካሰላችሁ ይህን ቀንሳችሁ አስሉ።

በጅቡቲ በኩል የገባ፣ ባሕር ላይ የሠራ ሞተር ከሆነ ደግሞ ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለዚያ አየር ነው። እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይፈጃል። ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው፤ አትፍሩት፣ ግን ዋጋ ላይ ተናገሩት። ፕሮፔለሩንም እዩ። ጎኑ ላይ ፒች የሚባል፣ በአንድ ዙር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚገፋ የሚያሳይ፣ በኢንች የተጻፈ ቁጥር አለው። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፒች እዚህ ለሞተሩ ይከብደዋል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁት ዙሩ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ካልደረሰ፣ ፒቹ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ያስፈልገዋል። አንድ ኢንች መቀነስ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 200 ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ሲለካም ያው ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር እዚህ አይገኝም። ይህን ያልተረዳ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ያስጥላችኋል። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ያ ሞተር ችግር አለበት።

ከባሕር የመጣ መሆኑን ለማወቅ አሉሚኒየሙን አስተውሉ። ቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ካለና ቡሎኖቹ አልፈታ ካሉ ጨው በልቶታል።

የኋላውን ግድግዳ ሳይፈትሹ መግዛት

በፋይበር የተሠራ ጀልባ ላይ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። ቡሎኖቹ በገቡበት ቀዳዳ ውሃ ሲሰርግ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከላይ ፋይበሩ ያምራል። በተለይ ስቱኮ ተመትቶ አዲስ ቀለም ከተቀባ ከሩቅ ያብለጨልጫል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ጀልባ ሳይ እኔ ጥርጣሬዬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ጓደኛሞች ተዋጥተው የገዙት አንድ ጀልባ ነበር። ሳያስፈትሹ ነው የገዙት። ከገዙት ብዙም ሳይቆይ ከመንደባ ፊት ለፊት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ግድግዳው ተሰነጠቀ። ሞተሩ በቤንዚን ቱቦውና በመሪው ኬብል ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ውሃው ከኋላ ይገባ ጀመር። ሰው አልተጎዳም፤ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አወጧቸው። ግድግዳውን ቆርጦ እንደ አዲስ መሥራት ግን የጀልባውን ዋጋ ግማሽ ጠየቃቸው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩን ወደ ላይ አንሡትና እግሩን ይዛችሁ ወደ ታችና ወደ ላይ ነቅንቁት። ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ከተጠመዘዘ በስብሷል። በመዶሻ እጀታ ከዳር እስከ ዳር አንኳኩ። ደህናው ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ቡሎኖቹ ወደ ውስጥ ከሰመጡ ወይም ከሥራቸው ቡናማ ውሃ ከወረደ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ወለሉንም በእግራችሁ እየረገጣችሁ ሂዱበት፤ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ሥሩ ያለው እንጨት አልቋል።

ጀልባው ላሜራ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ብየዳዎቹን ተከትላችሁ ዝገትና ልጥፍ ፈልጉ። ሆዱን ገልብጣችሁ ሳታዩ ግን አትግዙ።

የእግሩን ዘይት አለማየት

ጣና ላይ የፕላስቲክ መረብ ብዙ ነው። የመረቡ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎሚኒ ይቆርጠዋል። በዚያ ውሃ ወደ ማርሹ ዘይት ይገባል። ጀልባው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ጠዋት የእግሩን የታችኛውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጉና ጠብታ አውጡ። ውሃ ስለሚከብድ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የብረት ብናኝ ካለበት ማርሹ እየተበላ ነው። ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ የተጠመጠመ ክር ካለም እዩ። ከሐይቁ ስትመለሱ ዘይቱን እንደገና ተመልከቱት።

እምቦጭም አለ። ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በእኛ በኩል፣ የጀልባ ሞተር ጠላት ሆኗል። የውሃ መግቢያውን ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግላል። ሻጩን «በእምቦጭ ውስጥ ነድተኸው ታውቃለህ? ጋለብህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። ብዙዎቹ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ።

«ብዙ አልሠራም፣ ቆሞ ነው የኖረው» በሚል መደሰት

ቆሞ የኖረ ሞተር ከሠራው ይብሳል። ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ደርቆ ይጣበቃል፤ ጎማዎቹ ይደርቃሉ። በየሳምንቱ የተነዳ፣ ጭረት ያለበት፣ ባለቤቱ መቼ ዘይት እንደቀየረ የሚያስታውሰው ሞተር ይሻለኛል።

ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅለት ሞተር ከሆነ ምን ዘይት፣ በምን ልክ እንደሚደባልቅ ጠይቁ። ብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ይፈልጋሉ፤ ዘይቱም ለጀልባ ሞተር የተሠራው፣ ቲሲ ደብሊው ስሪ የሚባለው ነው። «የመኪና ዘይት እጨምርበታለሁ» ካላችሁ ተሰናበቱት።

የመኪና ሞተር ሆዱ ውስጥ የተገጠመለት የቤንዚን ጀልባ

አትግዙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ ደግሞ ብልጭታ ያወጣሉ። ለጀልባ የተሠሩት ብልጭታው እንዳይወጣ ተደርገው የታሸጉ ናቸው።

ከባድ ጣሪያ

በብረት ቱቦና በላሜራ ጣሪያ የተሠራለትን ጀልባ ሰው ይወደዋል፤ ጥላ ነው። ግን ክብደቱ ላይ ወጥቶ ጀልባውን ያንገዳግደዋል፣ የከሰዓቱም ነፋስ ይገፋዋል። ቀላል የሸራ ጣሪያ፣ ተጣጥፎ የሚወርድ፣ ይበቃል።

ወረቀት

የሞተሩ ቁጥር ግድግዳው ላይ በሚታሰርበት ብረት ላይ አለ። ከሻጩ ሰነድ ጋር አስተያዩት። ከተፋቀ ወይም ከተነቀለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትንኩት። የጀልባውን ምዝገባም ማሪታይም ባለሥልጣን ዘንድ አጣሩ፤ የሻጩ ስም ካልሆነ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ። ቀብድ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከጀልባው ጋር የሚሰጥ ላይፍ ጃኬት

ሻጩ «ከነጃኬቱ ነው» ሲላችሁ እንደ ስጦታ አትቁጠሩት። ፀሐይ የበላውን ጨርቅ ሳቡት፤ ከተቀደደ ጣሉት። መቆለፊያውን ሞክሩ። ለልጆች የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። የልጅ ጃኬት በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው የሚመረጠው። ልጁን አልብሱት፣ ሁሉንም ቆልፉ፣ ከዚያ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፤ ሌላ ፈልጉለት።