ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ የሚሆን የመጀመሪያ ካሜራ

ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሠርግ ሲቆም ግን ደንበኞቼ ሱቅ ውስጥ አያገኙኝም፤ ወይ አንኮበር መንገድ ላይ ገደል አፋፍ ተቀምጫለሁ፣ ወይ ወፍ ዋሻ ደን ገብቻለሁ፣ ወይ ደግሞ ጓሳ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ካሜራ ሊገዙ ያሰቡ ወጣቶች መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ስንት ሜጋፒክስል ያለውን ልግዛ?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «ምን ልታነሳ ነው? እስከ ምን ያህል ያስጠጋሃል?»

ይህን መጠየቅ የተማርኩት ጓሳ ላይ ነው። የመጀመሪያ ካሜራዬን ከነ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ (ቁጥሩ ሲበዛ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል) እንደገዛሁ መሐል ሜዳ አድሬ፣ ውርጩ ሳይለቅ ጥብቅ ስፍራው ደረስኩ። አንዲት ቀይ ቀበሮ ጅብራ ሥር፣ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮዋን ቀስራ፣ አንድ የፊት እግሯን አንስታ ቆማለች። በመካከላችን ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ይህን እያሰብኩ በሚንቀጠቀጥ እጅ አነሳኋት። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍተው ያገኘሁት ሰፊ የጓሳ ሣርና መሃሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበር። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። 55 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ከሃምሳ ሜትር ርቀት፣ የፎቶው ክፈፍ 20 ሜትር ያህል ወርድ ይይዛል፤ ቀበሮዋ ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በ250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያው ክፈፍ ወደ አራት ሜትር ተኩል ይጠባል፤ ቀበሮዋም የወርዱን ሩብ ያህል ትሞላለች። 24 ሜጋፒክስል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ያችን ሩብ ቆርጣችሁ ብታወጡ ለፖስታ ካርድ የሚሆን ጥራት ይተርፋታል።

ስለዚህ በጀታችሁን መጀመሪያ ለሌንሱ መድቡ፤ ካሜራውን በቀረው ግዙ። ለካኖን 55-250 ሆኖ «አይኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ለኒኮን 70-300 ሆኖ «ቪአር» የሚል ያለበትን ፈልጉ። ሁለቱም ጽሑፎች ሌንሱ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሆኑን ይናገራሉ። የኒኮኑ 70-300 ያለ ማረጋጊያም ይሸጣል፤ ዋጋው ስለቀነሰ አትሳቡ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዲ3500ን የመሳሰሉት የኒኮን ጀማሪ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ሌንሱ የራሱ ሞተር ከሌለው በእጅ ብቻ ነው የምታስተካክሉት። «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚል ይሁን። ኤኤፍ-ፒ ደግሞ እንደ ዲ3100 ባሉ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርግም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱን ገጥማችሁ ሞክሩ።

ለጭላዳ እንኳ 250 በቂ ነው። ሰው የለመደ መንጋ አሥር ሜትር ድረስ ያስጠጋል። በዚያ ርቀት ክፈፉ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአውራው ፊት፣ ጎፈሩና ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ሞልተው ይገባሉ። የአንኮበርን ትንሿን ወፍ ለምትመኙ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ወፍ 250 ያጥራል፤ ቁጭ ብሎ እስክትቀርብ መጠበቅ ይጠይቃል።

ወደ ካሜራው ስንመጣ፣ ባለፈው ዓመት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ሱቄ መጥታ ካኖን 2000ዲና ኒኮን ዲ3500 አማረጠች። «በይ መምህር፣ ጓንትሽን አድርጊ» አልኳትና ሁለቱንም በየተራ አስያዝኳት። ደጅ ወጥተን፣ ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ አነሳች። ዲ3500 እጀታው ጠለቅ ያለ ስለሆነ በጓንት ሲያዝ አይሸሽም። በሰከንድ አምስት ፎቶ ያነሳል፤ 2000ዲ ሦስት ነው። ሁለት አውራ ጭላዳዎች ከንፈራቸውን ገልብጠው ሲሳደዱ ይህ ልዩነት ይታወቃል። ባትሪው በአምራቹ መለኪያ ከ1,500 ፎቶ በላይ ያነሳል፤ ብርድ ባትሪ በሚጨርስበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መምህርቷ ያንን ወሰደች፤ እኔም ደስ አለኝ። ለአበባና ለነፍሳት መሬት ላይ የምትተኙ ከሆነ ግን ስክሪኑ የሚገለበጠው ካኖን 250ዲ ወይም ኒኮን ዲ5600 ይሻላችኋል። ካኖን 4000ዲን አልመክርም፤ ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ረጅም ሌንስ ተሸክሞ በመንዝ መንገድ ሲንገጫገጭ ማየት አልፈልግም።

አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባ ካሜራዎች ስላዞሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም እስካሁን የጠቀስኩት ዓይነት በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ፣ በብዛት ይገኛል፤ አብዛኞቻችሁም የምትገዙት ያገለገለ ነው። እኔ ሁለተኛ ሌንሴን አዲስ አበባ ገዝቼ፣ ውጪው እንደ አዲስ ሲያበራ አይቼ ከፍዬ መጣሁ። ቤት ገብቼ የስልኬን መብራት በኋላው በኩል ሳበራበት ከሌንሱ መስታወት ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አየሁ። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። እናንተ እዚያው ሱቁ ውስጥ አብሩበት። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ/16 አጥብባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ አቧራ አለ፤ እሱ ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳችኋል። ኒኮን ስንት ጊዜ እንደተነሳበት በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ፋይሉን በኮምፒውተር አስነብቡ። አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች ይህን ፋይሉ ላይ አይጽፉም፤ እዚያ ላይ የአዝራሮቹን መፋቅ ተመልከቱ። ባትሪውን ነቅላችሁ እዩት፤ ያበጠ ከሆነ አትውሰዱት።

ገዝታችሁ ስትወጡ የመጀመሪያ ልምምዳችሁ ይህ ይሁን። በ250 ሚሊ ሜትር የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ አይውረድ፤ ማረጋጊያው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አይገታም። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ለካሜራው ተዉለት። ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ሰማይን ተደግፎ ሲቀመጥ ፊቱ ይጠቁራል፤ ያኔ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ መደመር አንድ አምጡት። ፀሐይ ገደሉን ስትነካ ነው ከመኝታቸው ወደ ላይ የሚወጡት፤ ቀድማችሁ ተቀመጡ፤ አትከተሏቸው፤ ምግብም አትወርውሩላቸው። ለሣሩ ጊዜ ስጧቸው፤ እየነጩ፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ራሳቸው ይቀርቧችኋል።

እነዚህ ካሜራዎች ከውኃ የሚከላከል ሽፋን የላቸውም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ በፌስታል ሸፍኗቸው። ማታ ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡም ካሜራውን ወዲያው አታውጡ፤ እርጥበት ሌንሱ ላይና ውስጡ ይቋጥራል። ሚሞሪ ካርዱን ደጅ ሳላችሁ አውጡና ካሜራውን በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥሩት፤ በጋቢ ጠቅልላችሁም እስከ ጠዋት ቦርሳው ውስጥ ተዉት።