ኮንሰርት አይቶ ለሚጽፍ፦ እኔም የሠራኋቸው ስህተቶች

«መድረኩን አናወጠው»፣ «ታዳሚውን አስደመመ»፣ «ምሽቱ ደማቅ ነበር»። ከኮንሰርት ጽሑፎቻችን ላይ እነዚህን ብታነሷቸው ከዘፋኙና ከአዳራሹ ስም ሌላ ምን ይተርፋል? ይህን የምለው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። በቀደም የድሮ ጽሑፎቼን ሳገላብጥ አንዱ ላይ ብቻ «ደማቅ» የሚለውን አራት ቦታ አገኘሁት። ድራም ማን እንደመታ ግን አንድም ቦታ የለም።

እናም የሠራኋቸውን ልንገራችሁ፣ እናንተ አትድገሟቸው።

ለዋናው ዘፋኝ ብቻ መድረስ

ኮንሰርት በሰዓቱ አይጀመርም፤ ይሄ የታወቀ ነው። ግን ታውቆ ያደረ ነገር ስለሆነ ሁሉም ዘግይቶ ይመጣል፣ ጀማሪዎቹም ለባዶ ወንበር ይዘፍናሉ። የሚጽፍ ሰው ከእነሱ ጋር መገኘት አለበት። ከዓመታት በኋላ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» የሚያሰኘው ሰው ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ውጭ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከአገር ቤት ገና የገባ የአክስቴ ልጅ «ስምንት ሰዓት» ሲሉት በእኛ አቆጣጠር ገባውና ክለቡ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። ዋናው ዘፋኝ ገና መድረክ መያዙ ነበር! እስከ ዛሬ በሰዓቱ የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ ይላል።

የቆምክበትን ረስቶ ስለ ድምፅ መፍረድ

ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከመድረኩ 70 ሜትር ርቀህ ከቆምክ ከዓይንህ በአንድ አምስተኛ ሴኮንድ ይዘገይብሃል። ድራመሩ ዱላውን ሲያወርድ ታያለህ፣ ምቱ ቆይቶ ይመጣል። እንደ ሚሌኒየም አዳራሽ ባለ ሰፊ ቤት ውስጥ ደግሞ በዚያ ላይ ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ የሚመጣው ይጨመርበታል። እኔ አንድ ጊዜ ከኋላ ጥግ ሆኜ ሰምቼ «ባንዱ አልተናበበም» ብዬ ጻፍኩ። መሐል የነበረ ወዳጄ አነበበና «አንተ የት ነበርክ?» ብቻ አለኝ።

ከቻልክ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ይዞ ከተቀመጠበት አጠገብ ቁም። ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ነው። ስፒከር ሥር አትቁም፤ 100 ዴሲቤል ላይ ጆሮህ ሳይጎዳ የሚችለው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በመጀመሪያው ዘፈንም አትፍረድ፤ ሕዝብ ሲገባ ድምፁ ስለሚለወጥ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ገና እያስተካከለ ነው።

በስልክ ማየት

ይሄኛው ያስቀጣኝ ነው። አንድ አዝማሪ ቤት ገብቼ ስልኬን ከፍ አድርጌ እቀርጻለሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ዞረና ወደ እኔ መጣ፦

ሌሊቱን በሙሉ ስትቀዳ አይሃለሁ፣
ለእኔም አንድ ቅዳ፣ ጠምቶኝ እዘፍናለሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ሰው ስለሳቀ። ስልኬ እጄ ላይ እንዳለ ነው። ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ሳየው ነው «ስትቀዳ» የሚለው ለስልኬም ለብርጭቆዬም መሆኑ የገባኝ። ሰሙ ቢራው ነው፣ ወርቁ እኔ ነኝ። ሰውየው በግጥም ሲዘልፈኝ፣ መጠጥም ሲጠይቀኝ፣ እኔ ትኩረቱ ተስተካክሏል ወይ እያልኩ ስክሪን እነካካ ነበር። ሽልማት እንኳ ሳልሰጥ ወጣሁ።

አዝማሪ ቤት የተመልካችና የመድረክ ድንበር የለውም። ተነስተህ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጣለህ፣ እሱ በዜማ ይመልሰዋል። ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ፣ እስክስታውን ትቀላቀላለህ። ቁጭ ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን አላየም። አንድ ዘፈን ቅረጽና ስልክህን ኪስህ ክተት።

ከዘፋኙ ኋላ ያሉትን አለማየት

ይሄ ስህተት እንዲያውም የቆየ በሽታችን ነው። የሮሃ ባንድን ዘመን ዘፋኞች ስም የማይጠራ የለም። ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ይጫወቱ እንደነበር የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ማን እንደሚነዳቸው አያውቁም ነበር። በኋላ የድሮ ሥራው እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ፈልጎ መድረክ ላይ የመለሰው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዕረፍት ላይ ወደ መድረኩ ጠጋ በልና ኪቦርድ ማን ነው፣ ሳክስፎን ማን ነው ብለህ ጠይቅ። ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሩህ። ስትጽፍም አንዷን ቅጽበት ያዝ፦ ዘፋኙ ውኃ ሊጠጣ ዞር ሲል ሳክስፎኑ የገባበትን፣ ወይም ቤዙ ለአንድ ዙር ዝም ያለበትን።

«እንደ ካሴቱ አልዘፈነውም»

እንደ ካሴቱ እንዲሆንማ ካሴቱን ቤት መስማት ነበር። ዘፋኝ ከዕድሜ ጋር ዜማውን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ያረዝማል፣ ያሳጥራል። መጠየቅ ያለብን ለውጡ ዘፈኑን ምን አደረገው የሚለውን ነው።

ፕሌይባክ፣ ማለትም የተቀዳ ዘፈን ከፍቶ አፍ ብቻ ማንቀሳቀስ፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይም ቸኩሎ መፍረድ አለ። ማይኩን ለሕዝቡ አዙሮ ድምፁ ከቀጠለ፣ እየዘለለ ትንፋሹ ካልተቆራረጠ፣ እሺ፣ ጠርጥር። ግን የኮረስ ድምፅ ብቻ ከኋላ ተቀድቶ ዘፋኙ በላዩ ላይ በእውነት የሚዘፍንበትም አለ። ሁለቱን ሳትለይ «አፉን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰው» ብለህ አትጻፍ። የሰው እንጀራ ነው።

የቅኝት ቃል ለጌጥ መጠቀም

«ትዝታ ተጫወተ» ስትል ዘፈኑን ነው ወይስ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሄድባቸውን የድምፆች ስብስብ? ትዝታ ሁለቱም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚጠሩት አራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው፣ በአምስት ድምፅ የሚሄድ። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ሁሉ ስለ ናፍቆት አይደለም። ጆሮህ ካልለየው «ቀዝቃዛና ዝግ ያለ ዜማ» ብለህ ጻፈው፣ ማንም አይስቅብህም። አምባሰሉን ባቲ ብትለው ግን ይስቁብሃል፤ እኔን ስቀውብኛል።

ቴአትርን እንደ ተረት መተረክ

ሀገር ፍቅርም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር ገብቶ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ታሪኩን ነው፦ አባትየው እንዲህ አለ፣ ልጅቷ ሄደች፣ መጨረሻ ላይ ታረቁ። በቃ፣ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ምን ቀረለት? ደግሞም ያ የደራሲው ሥራ ነው። አዘጋጁ የሠራው፣ ማለትም ተዋናዮቹ የት ቆሙ፣ መብራቱ መቼ ጠፋ፣ ዝምታው ስንት ቆየ የሚለው፣ ሳይነሳ ይቀራል። ቃለ ተውኔቱ ደካማ ሆኖ ተዋናዩ ያዳነው ትዕይንት አለ። በተቃራኒውም።

የሕዝብ ሳቅም ያሳስታል። አንዳንዱ ተዋናይ ሳቅ ባገኘባት ቦታ ላይ በየሳምንቱ እየጨመረ ይሄዳል። ቴአትሩን በመጀመሪያው ወር አይተህ፣ ስድስት ወር ቆይተህ ብትመለስ ያቺ ቦታ ሩብ ሰዓት ሆና ልታገኛት ትችላለህ።

የነፃ ትኬት

አዘጋጁ ጓደኛህ ከሆነ በነፃ ግባ፣ ጨፍር፣ አትጻፍ። ከጻፍክም በነፃ እንደገባህ ተናገር።

ነገ እጽፈዋለሁ ማለት

ጠዋት ላይ የሚቀረው «ደማቅ ነበር» ነው። ማታውኑ፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን፣ አምስት መስመር ያዝ፤ ሲነበብ የሚገባ አድርገህ ግን። አንድ ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «3ኛው ዘፈን። ሽማግሌው ጫማ አወለቁ!!» በሁለት ቃለ አጋኖ። ሽማግሌው ማን ናቸው፣ ለምን አወለቁ፣ ዘፈኑስ የቱ ነበር? ይኸው ስንት ዓመቴ።