አሠራሩን ከመምረጥ በፊት ዓላማውን መጠየቅ፦ ለሶፍትዌር ቡድን መሪዎች

ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ሕንጻዎች ውስጥ አዲስ የሶፍትዌር ቡድን ሲቋቋም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰነው «በስክራም (ሥራን በአጫጭር የጊዜ ዙሮች ከፋፍሎ በማቀድ) እንሠራለን» የሚለው ነው፤ ድርጅቱ ከሶፍትዌሩ የሚፈልገው ነገር የሚጠየቀው ሥራው ከተጓተተ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ይገልብጡት። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ድርጅቱን ይበልጥ የሚጎዳው መዘግየት ነው ወይስ ስህተት? «ሁለቱም» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥያቄውን ያጥብቡት፦ አንድ አገልግሎት ከተባለለት ቀን ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ወይም በቀኑ ወጥቶ ከመቶ ደንበኞች የአንዱን ሂሳብ ቢያሳስት፣ የትኛውን መሸከም ይቻላል?

ለባንክ መልሱ ግልጽ ነው። ገንዘብ በስህተት ሁለት ጊዜ ከተላለፈ ኮዱን ማረም የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው፤ ገንዘቡ የገባለት ሰው አውጥቶት ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡ መታረቅ አለበት፣ ደንበኛውም አቤቱታውን ይዞ መስኮቱ ላይ ቆሟል። እንዲህ ባለ ቤት ማንኛውም ለውጥ ከጻፈው ሰው ሌላ ባለሙያ ሳያነበው አይለፍ፤ የሂሳብ ስሌቶቹ ኮዱ በተነካ ቁጥር በራሳቸው በሚሮጡ ቴስቶች ይፈተሹ፤ አዲሱ ሥሪት በሁሉም ቅርንጫፎች ከመልቀቁ በፊት በሁለት ወይም በሦስቱ ይሞከር፤ ወደ ቀድሞው ሥሪት የሚመለስበት መንገድም አስቀድሞ ተለማምዶ የታየ ይሁን። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ሥራ አስኪያጁ መዘግየትን እታገሣለሁ ያለው ለዚሁ ነውና ኋላ እንዳይረሳው በጽሑፍ ይያዝ።

ፒያሳ ላይ ምግብ ማድረስ የጀመረ አነስተኛ ድርጅት ደግሞ ትልቁ አደጋው የተበላሸ ኮድ ሳይሆን ማንም ያልፈለገው አገልግሎት ነው። ስድስት ወር በር ዘግቶ ከመሥራት ይልቅ በሳምንት ውስጥ የተሠራችውን ትንሽ ነገር ለሃያ ደንበኞች ሰጥቶ፣ የት ላይ እንደሚቸገሩ አጠገባቸው ሆኖ ማየት ያዋጣዋል። የክፍያው ክፍል ግን እዚህም እንደ ባንክ ይጠበቅ፤ አንድ ድርጅት አንድ አሠራር ብቻ ይኑረው የሚል ሕግ የለም።

በጨረታ የተገኘ የመንግሥት ሥራ ሌላ ጠባይ አለው። ዝርዝሩ፣ ዋጋውና የርክክቡ ቀን በውል ታስረዋል፤ የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ይዘጋል። እዚህ ላይ በምዕራፍ በምዕራፍ የሚሄደው፣ ዋተርፎል የሚባለው አሠራር አይናቅ። ሆኖም የዚህ አሠራር መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የዊንስተን ሮይስ ጽሑፍ ራሱ፣ ገና እ.ኤ.አ. በ1970፣ ያለ ምልሰት ወደ ፊት ብቻ መሄድ አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ውሉ ባያስገድድም በየወሩ የሚሠራ ነገር ለደንበኛው መሥሪያ ቤት ያሳዩ፤ «እኛ የፈለግነው ይህን አልነበረም» የሚለውን ቃል በጥር መስማት በሰኔ ከመስማት ይሻላል።

ሥራው በስልክ የሚመጣለት የድጋፍ ቡድን ለሁለት ሳምንት ያወጣው ዕቅድ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል። ለእርሱ ከቶዮታ ፋብሪካዎች የተወረሰው ካንባን ይስማማዋል፦ ሥራዎቹ ሰሌዳ ላይ ይታያሉ፣ በአንድ ጊዜ የሚያዘውም ሥራ በቁጥር ይገደባል።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች የፈረሙት የአጃይል (ስክራምን የመሳሰሉ አሠራሮች የጋራ መጠሪያ) መግለጫ እሴቶችንና መርሆዎችን እንጂ የስብሰባ መርሐ ግብር አልደነገገም። ይህን የማነሳው በስክራም ከ15 ደቂቃ እንዳያልፍ የተወሰነው የየዕለቱ ስብሰባ፣ አንድ የማውቀው ቡድን ዘንድ አለቃው ተራ በተራ ሪፖርት የሚቀበልበት የአንድ ሰዓት ጉባኤ ሆኖ ስላየሁ ነው። ስሙን ወስዶ ዓላማውን መተው እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል።

የትኛውም ዓላማ ቢመረጥ የማይቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኮዱን ታሪክ፣ ማለትም እያንዳንዱን ለውጥ፣ በሚመዘግበው ጊት በተባለው ፕሮግራም መያዝ ነው፤ ሙሉው ታሪክ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሚገኝ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ሁለተኛው የደንበኞችን እውነተኛ መረጃ ለሙከራ አለመቅዳት ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

የተመረጠውን አሠራር በአንድ ቡድን ለሁለት ወር ይሞክሩት፤ ጅምሩ ግን ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ ወይም በእንቁጣጣሽ ሰሞን አይሁን። ከመጀመሩ በፊት አንድ ቁጥር ይመዝግቡ። ዓላማው ፍጥነት ከሆነ ጥያቄ ከቀረበበት ቀን እስከ ተጠቃሚው እጅ የሚወስደውን ቀን፣ ጥንቃቄ ከሆነ ደግሞ ከተለቀቁት ለውጦች ስንቶቹ ችግር እንዳስከተሉ ይቁጠሩ። ቁጥሩ በሁለት ወር ካልተሻሻለ ቡድኑን ከመውቀስዎ በፊት ሥራ አስኪያጁ የፈረመበትን ወረቀት አውጥተው፣ ዓላማው ያኔ የተባለው መሆኑን እንደገና ይጠይቁ።