አክሽን ጌም ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ በቡራዩም ሆነ በለገጣፎ ጌም ቤቱን በእግሩ ያቆመው የኳስ ጌም ነው። ክፍያው በጨዋታ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ከጀርባ ቆሟል፣ ስለዚህ እጅ መጣደፍን ይለምዳል። ያው እጅ «ጎድ ኦፍ ዋር» ወይም «ሴኪሮ» ሲከፈትለት ገና በመጀመሪያዎቹ ቦሶች፣ ማለትም በጠንካሮቹ አለቃ ጠላቶች፣ ይወድቃል። እነዚህ ጨዋታዎች የሚክሱት ቶሎ የሚጫነውን ሳይሆን አይቶ የሚጫነውን ነው፤ ውበታቸውም እዚሁ ላይ ነው። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ብዙ ሳሎን ውስጥ በገባበት በዚህ ጊዜ ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው።

ቁልፍ መደብደብ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። በአብዛኞቹ አክሽን ጌሞች የተሰነዘረ ሰይፍ አይመለስም፤ የጆይስቲኩን አር 2 ቁልፍ ተጭኖ ከባዱን ምት የጀመረ ሰው ምቱ እስኪያልቅ ለጠላቱ ክፍት ነው። በ2022 የወጣው «ኤልደን ሪንግ» ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ ጨዋታው ትእዛዝ ይዞ ያቆያል። እየመታችሁ ሳለ የክብ ቁልፉን ከተጫናችሁ የምታጫውቱት ሰውዬ ምቱን ሲጨርስ ይንከባለላል። ሦስት አራቴ የደበደበ ተጫዋች ታዲያ ባላሰበበት ሰዓት ሲንከባለል ያገኘዋል። «ጆይስቲኩ አይሰማም» ተብሎ የሚወረወረው ጆይስቲክ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

በ2019 የወጣው «ሴኪሮ» ደግሞ ደብዳቢን በግልጽ ይቀጣል። ኤል 1ን በተከታታይ በጠቀጠቃችሁ ቁጥር ምት የሚመከትባት ቅጽበት እየጠበበች ትሄዳለች። የጠላት ሰይፍ ሊያርፍ ሲል አንዴ መጫን፣ መልቀቅ፣ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። ይህን ለመለማመድ ቦስ ጋ መሄድ አያስፈልግም፤ በፈራረሰው ቤተ መቅደስ ደጃፍ የማይሞተው ሃንቤይ ተቀምጧል፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ሰው ነው።

አዲስ ቦስ ሲገጥማችሁ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ጭራሽ አትምቱ። ሽሹ፣ ተከላከሉ፣ በአንድ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደሚሰነዝርና የት ላይ ቆም እንደሚል ቁጠሩ። ከዚያ እሷ ክፍተት ላይ አንድ ምት ብቻ አግቡ። ሁለተኛ ምት እንደሚበቃ ስታረጋግጡ ሁለት አድርጉት። ሦስተኛዋን በስግብግብነት የጨመረ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው።

የጠላትን ደም ብቻ ማየት

«ሴኪሮ» ላይ ጀማሪ የሚያየው የደሙን መስመር ነው። ይመታል፣ ይሸሻል፣ ያርፋል፣ ተመልሶ ይመታል። ትግሉን የሚጨርሰው ግን ስትመቱትና ምቱን ስትመክቱ የሚሞላው የሚዛን መስመሩ ነው። እሱ ሲሞላ ጠላት ደም ቢኖረውም ይንገዳገዳል፣ በአር 1 ይገደላል። ስትሸሹ ይህ መስመር ይቀንሳልና በሽሽት ያተረፋችሁት እረፍት ለእሱም እረፍት ነው። ደሙ ሙሉ የሆነ ጠላት ሚዛኑን ቶሎ ይመልሳል፣ ደሙ የጎደለ ግን ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደሙን ትንሽ አጉድሉ፣ ከዚያ ሳትለቁ ተጠጉት። የራሳችሁ ሚዛን ሲሞላ ደግሞ ከመሮጥ ይልቅ ኤል 1ን ይዛችሁ ቁሙ፤ ፈጥኖ ይወርዳል። ጠላት በሰነዘረ ቁጥር ወደ ኋላ ማለት የለመደ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ ከተቀበለው በኋላ ግን በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከዚህ የተሻለ የሰይፍ ፍልሚያ አያገኝም።

ቀለምና ምልክት አለማንበብ

በ2018ቱ «ጎድ ኦፍ ዋር» ጠላት ላይ ቢጫ ቀለበት ከበራ ጋሻችሁን ከፍታችሁ መቆም አያዋጣም፣ ምቱ ጋሻውን ይሰብረዋል፤ በሰዓቱ ኤል 1ን ተጭኖ መመከት ግን ይቻላል። ቀይ ከሆነ ሽሹ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። የደም መስመሩ ሐምራዊ የሆነ ጠላት ከእናንተ ደረጃ በጣም የራቀ ነው፤ ትታችሁት ሂዱ፣ በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

«ሴኪሮ» ላይ ከራስ በላይ የሚበራው ቀይ ፊደል ሦስት ትርጉም ስላለው የጠላትን መሣሪያ ማየት ግድ ነው። ጦር ወይም ሰይፍ ወደ ፊት ከወጋ በክቡ ወደ እሱ ግቡ፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሚኪሪ የሚባል ችሎታ ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ ተማሩ። እግር ሥር ከጠረገ በኤክስ ዝለሉ፣ አየር ላይ እያላችሁ ድገሙትና ጭንቅላቱን ትረግጡታላችሁ። እጁን ዘርግቶ ሊይዝ ከመጣ ራቁ።

ብረት ለብሶ መንከባለል

«ኤልደን ሪንግ» ላይ የተገኘውን የብረት ልብስ ሁሉ የሚደርብ ተጫዋች ብዙ ነው። የያዛችሁት ክብደት ከምትችሉት 70 በመቶ ካለፈ ሰውዬው እንደ ጆንያ ይወድቃል እንጂ አይንከባለልም። ዕቃ በምትለብሱበት ገጽ ላይ የጭነቱ መጠን ተጽፏል፤ ከባድ የሚል ካያችሁ አንድ ነገር አውልቁ። ሌላው ነጥብን ሁሉ ለጉልበት መስጠት ነው። የሕይወት መጠን የምትጨምረውን ቪገርን ቢያንስ 20 ሳታደርሱ መጀመሪያ ላይ የሚገጥማችሁ ትልቅ ቦስ ማርጊት ፊት አትቁሙ። መንገዱ ወደ እሱ ይመራል፣ ግን መታዘዝ ግዴታ አይደለም። ወደ ደቡብ ብትወርዱ ደረጃ የሚጨመርበት ሰፊ ሀገር አለ። ገና ስትወጡ የሚታየውን ባለ ወርቅ ፈረሰኛም ለጊዜው ተዉት።

በአንድ መሣሪያ መድረቅ

«ጎድ ኦፍ ዋር» ላይ መጥረቢያው ያምራል፤ በረዶ የለበሰውን ጠላት ግን አይጎዳውም። ባዶ እጅ የማደንዘዣውን መስመር ይሞላል፣ ሲሞላ አር 3 ይጨርሰዋል። አብሯችሁ የሚሄደው ልጅ ቀስት በአራት ማዕዘኑ ቁልፍ ነው፣ ብዙዎች ጭራሽ ይረሱታል። በ2020ው «ጎስት ኦፍ ቱሺማ» አር 2ን ይዛችሁ አቋም ትቀይራላችሁ፦ ለሰይፈኛ ኤክስ፣ ለጋሻ ያዥ ክብ፣ ለጦረኛ ሦስት ማዕዘን፣ ለግዙፉ አራት ማዕዘን። አቋሞቹ የሚከፈቱት የጦር አለቆችን ተደብቆ በመመልከት ወይም በመግደል ስለሆነ አለቃ ስታዩ አትለፉት።

ከሁሉ የከበደውን ደረጃ በጉራ መምረጥ

«ጎድ ኦፍ ዋር» ላይ የመጨረሻው ደረጃ አንዴ ከተጀመረ ዝቅ አይልም፣ ከሀ መጀመር ነው። ሌሎቹ በማንኛውም ሰዓት ይቀየራሉ።

ቴሌቪዥኑን እንደ መጣ መጠቀም

ይህን የሚፈትሽ ጥቂት ነው። ቴሌቪዥን ምስሉን አለስልሶና አሳምሮ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ በጣታችሁና በምስሉ መካከል ይገባል። በሴኮንድ 60 ምስል በሚያወጣ ጨዋታ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ቴሌቪዥኑ 100 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ 6 ምስል ያህል ወደ ኋላ ቀርታችሁ እየተጫወታችሁ ነው። በዚህ ሁኔታ ምት መመከት ዕድል እንጂ ችሎታ አይሆንም። ወደ ምስል ማስተካከያው ግቡና ጌም የሚለውን ምረጡ፤ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም አጥፉ። ቀለሙ መጀመሪያ ላይ የደበዘዘ ይመስላል፣ ዓይን ይለምደዋል።

የሌላ ሰው ሴቭ ላይ መጫወት

ጌም ቤት ሁሉም በአንድ ዩዘር (የተጠቃሚ መለያ) ስለሚገባ የሳምንት ድካማችሁ ላይ ሌላው ይጽፍበታል። ፕሌይስቴሽን 4 እስከ 16 ዩዘር ይይዛል፣ ሴቩም በየዩዘሩ ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የራሳችሁን ክፈቱ፤ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከዚያም ከሴቲንግስ ወደ «አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት» ገብታችሁ ሴቩን ፍላሽ ላይ ቅዱ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን የራሱን ጨዋታዎች ሴቭ ፍላሽ ላይ አይቀዳም፣ የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን ብቻ ነው።

ለመብራት አለመዘጋጀት

ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራት መዋዠቁና መሄዱ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ስታቢላይዘር ገዝቶ ይረጋጋል። ስታቢላይዘር ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ የሚሰጠው ነገር የለውም። የሚያስፈልገው ዩፒኤስ ነው፤ ባትሪው ጤነኛ የሆነ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ፕሌይስቴሽን 4ንና አንድ መካከለኛ ቴሌቪዥንን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ለሚበቃ ደቂቃ ያቆያል። ለመጫወቻ አይደለም፣ ለመዝጊያ ነው። ሬስት ሞድ ላይም (ማሽኑ ሳይጠፋ በሚያንቀላፋበት ሁኔታ) አትተዉት፤ በዚያ ሁኔታ መብራት ከሄደ የተንጠለጠለው ጨዋታ ይጠፋል። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት እንደ ሄደ ገመዱን ንቀሉ፣ ከመጣም በኋላ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

በመብራት መጥፋት ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ወይም ጨዋታዎቹ ከዝርዝሩ ከጠፉ ለፎርማት አትቸኩሉ። አጥፉት፣ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛ ጢት እስኪል ድረስ 7 ሴኮንድ ገደማ ይዛችሁ ቆዩ፣ ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፣ ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን «ሪቢልድ ዳታቤዝ» ምረጡ። ሴቭ አይነካም። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ጆይስቲኩ አይታወቅም። 6ኛውና 7ኛው ሁሉንም ያጠፋሉ።

አቧራን መናቅ

አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር አቧራው ማራገቢያው ላይ ይጋገራል፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየርም ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው። ድምፁ እንደ ወፍጮ ቤት ከሆነ ጊዜው አልፏል። ማሽኑን መሬት ላይ ወይም ዳንቴል ላይ አታስቀምጡት፣ ከኋላው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ተዉለት። የኮምፒውተር ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ማንፈሻ ስታጸዱ ማራገቢያውን በቀጭን እንጨት ያዙት፤ በነፋሱ ኃይል በፍጥነት ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል።