በሚጣበቅ ሩዝ የሚሞላው የሻንጋይ ሻውማይ አሠራር

ሻውማይ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የቻይና ምግብ ነው፤ ሻውማይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው በካንቶን (የደቡብ ቻይና) ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን፣ አሳማና ሽሪምፕ ያለበትን ነው። ሻንጋይ ላይ ግን ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ሲሮጥ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ሌላ ነው፤ ውስጡ ሩዝ ነው። ሩዝ በሊጥ ጠቅልሎ መብላት እንጀራን በዳቦ የመብላት ያህል ይመስላል። ቀምሳችሁ ፍረዱ።

ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። 300 ግራም የሚጣበቅ ሩዝ አጥባችሁ በብዙ ውኃ ዘፍዝፉና ይደር። የእስያ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ማሸጊያው ላይ «ግሉቲነስ ራይስ» ወይም «ስዊት ራይስ» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) የለበትም፣ እንደ ስኳርም አይጣፍጥም። የሚያጣብቀው አሚሎፔክቲን የተባለው የስታርች ዓይነት ነው። እኔ መጀመሪያ እንደ ተራ ሩዝ በድስት ቀቀልኩት፤ የወጣው ገንፎ ነበር፣ ያውም ማንኪያ የማይለቅ። ለሻውማይ ይህን ሩዝ በእንፋሎት ማብሰል ይሻላል።

ጠዋት ውኃውን አጥልሉ፣ የእንፋሎት ማብሰያው ላይ እርጥብ ንጹህ ጨርቅ አንጥፉና ሩዙን በስሱ ዘርጉት። 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ መሃል ላይ ውኃ ርጩበት። ፍሬው ቅርጹን ሳያጣ ውስጡ ነጭ ነጥብ ካልቀረበት በስሏል።

እስከዚያ 8 ደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን እንዳትደፉት። ሻንጋዮች የሚጨምሩት አሳማ ነው። በእኛ ማዕድ ስብ ያለው የበሬ ሥጋ ወይም የዶሮ ጭን 200 ግራም፣ እንደ አተር ደቅቆ ተከትፎ ይተካዋል። ለጾም ሥጋውን ትታችሁ እንጉዳዩን እጥፍ አድርጉት።

ዝንጅብል በዘይት አቁላሉ፣ ሥጋውን፣ ቀጥሎ የተከተፈውን እንጉዳይ ጨምሩ። 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር (አዎ፣ ስኳር፤ ሻንጋይ ወጡም ጣፈጥ ይላል)፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬና አንድ ተኩል የቡና ሲኒ የእንጉዳይ ውኃ። ሲፈላ ሩዙን ጨምራችሁ አዋህዱ። ጨው ጠንከር ይበል፣ ሊጡ ያለዝበዋልና። ይቀዝቅዝ።

ለሊጡ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት ላይ 130 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ እያፈሰሳችሁ በሹካ አማስሉ፤ እጅ ሲችለው አሹትና ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ ተዉት። የፈላ ውኃ ሊጡን ያለሰልሰዋል፤ ስትዳምጡት አይሸሽባችሁም። 20 ቦታ ከፋፍላችሁ እንደ መዳፍ ሰፊ ክብ አድርጋችሁ ዳምጡ። ከዚያ የበቆሎ ስታርች በደንብ ነስንሱና መዳመጫውን ዳር ዳሩ ላይ ብቻ እየገፋችሁ አዙሩ። ዳሩ እንደ ቀሚስ ሽብሽብ ይላል፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

አንዱን መዳፋችሁ ላይ አድርጉ፣ ሞልቶ የተረፈ የሾርባ ማንኪያ ሩዝ መሃሉ ላይ አኑሩ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ቀለበት ሠርታችሁ አንገቱን ጠበቅ፣ ሌላው እጃችሁ ከታች እየደገፈ ዞር ዞር አድርጉት። አፉ አይዘጋም፤ ሩዙ መታየት አለበት።

ማብሰያው ላይ የጥቅል ጎመን ቅጠል አንጥፉ፣ ሳይነካኩ ደርድሩ። የዳሩ ደረቅ ስታርች ነጭ ሆኖ እንዳይቀር ውኃ ርጩበት። ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ጥዱት፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ክዳኑ ብረት ከሆነ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ጠብታው ሊጡን ያላቁጠዋል። በትኩሱ ብሉት። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ሩዙ ይደርቃል፤ እንደገና 10 ደቂቃ በእንፋሎት ሲያዝ ይለሰልሳል።