ሐዋሳ፦ ቀትር ላይ ራሱን የሚቆርጥ የሶላር ኢንቨርተር

ታቦር አካባቢ ያለው ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ቀይሮ ወደ ቤቱና ወደ ግሪዱ፣ ማለትም ወደ መብራት ኃይል መስመር፣ የሚልከው መሣሪያ) መብራት ሳይጠፋ፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ ግሪዱ የጠፋ ይመስል ይቆረጥ ነበር። መጀመሪያ የኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ብሎን ታየ፤ ላልቶ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። ጫፉ ተቆርጦ በአዲስ ታሰረ፣ ግን አልበቃም። ኢንቨርተሩ 20 አምፒር ሲልክ፣ ቆጣሪው ጋ 247 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ ጋ 254 ተለካ። የተሞላለት ገደብ 253 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይቆረጣል።

7ቱን ቮልት ያመጣው 40 ሜትር የሚሄደው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ነው፤ የደርሶ መልሱ ተቃውሞ 0.35 ኦም። በ16 ካሬ መዳብ ሲቀየር ልዩነቱ ከ2 ቮልት በታች ወረደ።

ገደቡን ማሳደግ ይቀላል፤ ግን ኢንቨርተሩ የግሪድ መጥፋትን የሚያውቅበትን መንገድ ያደነዝዛል። ግሪዱ ሲጠፋ ኢንቨርተሩን የሚያቆመውን ጥበቃ ጨርሶ ማጥፋትማ፣ ጠፍቷል በተባለ መስመር ላይ ኃይል ልኮ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

የጥበቃው መሞከሪያ፦ በሙሉ ፀሐይ፣ ቤት ውስጥ ምጣድ እየሠራ፣ ዋናውን ብሬከር መጣል። በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ አትረከቡት።